ዮርዳኖስ ያሉት ወንዝ

ፎቶግራፉ ከመዳፍ አይበልጥም። አያቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ዳዊቷ ውስጥ ነበር የምታኖረው፤ የምታወጣውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ የጥምቀት ለት፣ ከጃን ሜዳ ስትመለስ ነው። አንድ ወጣት ዲያቆን በወፍራም ካፖርት ላይ ነጠላ ደርበው፣ ቀኝ እጃቸውን አራት ማዕዘን ተደርጎ በተጠረበ ትልቅ ግንድ ላይ አሳርፈው ቆመዋል። ከእግራቸው በታች የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ አለ። ከበስተኋላቸው ቅጠል የሌለው ዛፍ ይታያል። ፊታቸው ወደ ታች፣ ወደ ፎቶ አንሺው አዘንብሏል። አይስቁም፤ የከፋቸውም አይመስሉም።

እኚህ ሰው የአያቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እሷ «ጋሼ» ስለምትላቸው እኛም የልጅ ልጆቿ «ጋሼ» እንዳልን ቀረን። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ ወደ ጅቡቲ በወረደው ባቡር ሄዱ፤ ከነጻነት በኋላ ተመለሱ፤ ቀሰሱ፤ አረጁ፤ እኔ ሳልወለድ ሞቱ። በስደቱ ዘመን የት የት እንደነበሩ ለማንም አልተናገሩም። ፎቶግራፉን ለእህታቸው ሲሰጡ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዮርዳኖስ ነው»።

ከጀርባውም በራሳቸው እጅ «በዮርዳኖስ ዳር» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ ቀን አለ። ወሩን እርጥበት በልቶታል። «፲፩ ቀን» የሚለው ይነበባል። ዓመተ ምሕረቱ እስከ ፲፱፻፳ ድረስ ጥርት ብሎ ይታይና የመጨረሻዋ አኃዝ ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ አርፎባታል። ፰ም ልትሆን ትችላለች፣ ፱ም።

ለአያቴ ፰ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ከጅቡቲ በእንግሊዝ መርከብ ሄደው ሃይፋ ከወረዱ በኋላ ኢየሩሳሌም ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተዋል፤ ወደ ጅብራልታር የተነሡት ግንቦት 15 ቀን ነው። እንግዲህ ቀኑ ግንቦት 11 ቀን 1928 ከሆነ፣ ጋሼ ዮርዳኖስ ወርደዋል ማለት ነው። ለቤታችን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ኢየሩሳሌም ተሳላሚ ያለበት ቤት የተከበረ ቤት ነው። አያቴ «የወንድሜ እግር ዮርዳኖስን ረግጧል» እያለች ኖረች።

አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ የጥምቀት ለት ፎቶግራፉን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው። «እማማ፣ በግንቦት ኢየሩሳሌም ላይ ይኼን የሚያህል ካፖርት ምን ያደርጋል? ዛፉስ ምነው ራቁቱን ቆመ?» አላት። አያቴ መልስ አልሰጠችውም። ፎቶግራፉን ከእጁ ወስዳ ጠቀለለች፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም አላሳየችም። ስትሞት እኔ ወረስኩት። የወረስኩት ግን ሥዕሉን ብቻ አይደለም። ቄስ የሆኑ ሰው፣ በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ያላዩትን ወንዝ አየሁ ብለዋል ወይ የሚለውን ነገር ጭምር ነው። በቤታችን ጮክ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ሁላችንም ግን አስበነዋል።

እኔ የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሑድ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በኤቨን ወንዝ ዳር ስንጓዝ ሃናም ከሚባል ቦታ ደረስን። እዚያ ጀልባዎች የሚያልፉበት የውሃ በር አለ፤ ሎክ ይሉታል። ትንሽ ልረፍ ብዬ ከበሩ ወደ ዳር በወጣ ረጅም ግንድ ላይ እጄን አሳረፍኩ። አራት ማዕዘን ነው። ከወገቤ ከፍ ይላል። ከሥሩ የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ሥር ጥቁር ውሃ። እጄን አየሁት፤ የጋሼን እጅ ነው ያየሁት። ባልደረባዬ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ለማስረዳት ቃል አጣሁ።

ሎክ ማለት ለወንዝ የተሠራ ደረጃ ነው። ውሃው ግድብ ላይ ደርሶ ዝቅ በሚልበት ስፍራ፣ ከጎኑ በድንጋይ የታነጸ ረጅም ጉድጓድ አለ፤ በላይና በታች ጫፉ ጥንድ ጥንድ በር ተተክሎለታል። ጀልባዋ በታችኛው በር ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል፤ ከላይ ውሃ ይለቀቅባታል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ እሷም አብራ ከፍ ትላለች። እያንዳንዱ በር ወደ ዳር የተዘረጋ የግንድ ክንድ አለው። ሰው ጀርባውን አስደግፎ የሚገፋው እሱን ነው። ውሃው በሁለቱም በኩል እስኪስተካከል ድረስ የዓለም ጉልበት ቢሰበሰብ በሩን አያነቃንቀውም፤ ከተስተካከለ በኋላ ግን ልጅ ይከፍተዋል።

ቤቴ ገብቼ ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር ሳየው አንድ ሌላ ነገር ገባኝ። ጋሼ ወደ ታች የሚያዩት ፎቶ አንሺው ከግድግዳው ሥር ስለነበረ ነው። ምስሉ የተነሣው ከውሃው ላይ፣ ከጀልባ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቦታውን በእግሬ ብፈልገው አላገኘውም። ፎቶ አንሺው ከነበረበት መሆን አለብኝ።

ወንዙን ከሃናም ሽቅብ ሲከተሉት ባዝ ከተማ ያደርሳል። ባዝ የምትለው ስም ለሐበሻ አዲስ አይደለችም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 እ.ኤ.አ. ሰኔ መጨረሻ ጄኔቭ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ንግግራቸውን ካደረጉ በኋላ ወደ ባዝ መጡ፤ እዚያው ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ተቀመጡ። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ያዘጋጁት በዚያ ነው። አብረዋቸው ከነበሩት የመኳንንቱ ስም ተጽፏል። የዲያቆኑን፣ የወጥ ቤቱን፣ ልብስ አጣቢውን ስም ማን ይጽፋል? በብሪስቶልና በባዝ መካከል ያለውን የወንዝ ካርታ ስመለከት፣ ከሃናም እስከ ባዝ ዳርቻ ስድስት ሎኮች ተደርድረዋል። ስድስተኛው ዌስተን ነው፤ ከፌርፊልድ ቤት ቁልቁል።

ጀልባ ያላቸው ጡረታ የወጡ መምህር አገኘሁ። ኑሯቸውም እንቅልፋቸውም ጀልባቸው ላይ ነው። ናሮውቦት ይሏታል፤ ስሟ እንደሚለው ጠባብ ናት፤ ወርዷ ከ2 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ርዝመቷ ግን አንድ አውቶቡስ ያስከነዳል። እንዲህ ያሉት ጀልባዎች የጥንቱን ጠባብ ቦይ ልክ ጠብቀው የተሠሩ፣ ከሰል በፈረስ እየተጎተቱ ያመላልሱ የነበሩ ናቸው። ፎቶግራፉን ለመምህሩ አሳየኋቸው። ብዙ አዩት። «የታችኛው በር ክንድ ነው» አሉ፤ «ፎቶ አንሺው ሎኩ ውስጥ ገብቶ ውሃው ሳይሞላ ነው ያነሣው። ሰውየው ምናልባት በሩን ዘግቶላቸው ይሆናል።» ጋሼ በር ዘግተው! ሳስበው ደስ አለኝ።

በጀልባቸው እስከ ባዝ ለመሄድ የተስማማነው ለጥምቀት ነበር። ወንዙ ግን አልፈቀደም። በየሎኩ ዳር የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ አረንጓዴ ከሆነ ይኬዳል፣ ቢጫ ከሆነ ይታሰብበታል፣ ቀይ ከሆነ ከታሰሩበት ንቅንቅ የለም። በዚያ ጥር ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ፤ ሰሌዳው ቀይ እንዳለ ጥር አልቆ የካቲት ገባ። ከብሪስቶል የተነሣነው የካቲት 8 ቀን ነው።

የጀልባዋ ሞተር ቱግ ቱግ እያለ በሰው እርምጃ ይሄዳል። ዳር ዳሩን ውሻዋን ይዛ የምትራመድ አንዲት አሮጊት እኩል ሰዓት አብራን ተጓዘች። መሪው ከኋላ የቆመ የብረት ዘንግ ነው፤ ወደ ግራ ከገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ይህን ጭንቅላት ወዲያው ይቀበለዋል፣ ክንድ ግን እንቢ ይላል፤ ሁለት ጊዜ ሸምበቆ ውስጥ አስገባኋት። መምህሩ አልተቆጡም። ይልቅ ኤቨን የሚለው ስም በጥንቱ የብሪታንያ ሰዎች ቋንቋ «ወንዝ» ማለት ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ስም ያልወጣለት ወንዝ ማለት ነው እኮ! ከሩቅ የመጣ ሰው ስም ቢያወጣለት ምን ይገርማል?

በየሎኩ ፎቶግራፉን አውጥቼ አስተያየሁ። ሃናም አልመሰለኝም፤ ዛፉ የሚቆምበት ቦታ የለም። ኬንሻም ተጣደፍን፤ ስዋይንፎርድ ላይ ደግሞ ዝናብ ያዘን። መምህሩ በየቦታው አንድ ነገር ያስታውሱኝ ነበር። የበሩ እንጨት ሃያ አምስት ዓመት ያህል አገልግሎ ይቀየራል፤ ጋሼ የነኩት ግንድ ዛሬ የትም የለም። ድንጋዩ ግን የቆየ ነው። ይህ የወንዝ መንገድ ለጀልባ የተከፈተው በ1727 እ.ኤ.አ. ነው። ሳልትፎርድ ያለው ሎክ በ1738 በሰው እጅ ፈርሶ ነበር፤ በወንዙ የሚመጣው ርካሽ ከሰል ገበያቸውን የዘጋባቸው ሰዎች ናቸው ያፈረሱት። በዚያው ሳልትፎርድ አደርን።

ማታ መምህሩ በትንሿ የብረት ምድጃ ላይ እንጨት ጨመሩበት። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። አዲስ አበባ ላሉት አክስቴ ደወልኩ፤ የአያቴ ዳዊት እሳቸው ዘንድ ነው። ጋሼ ከስደት ሲመለሱ በዳዊቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ላይ የቤተሰቡን ልደትና ሞት እንደጻፉ አውቃለሁ። «እትዬ፣ ጋሼ በጻፉት ውስጥ ዓመተ ምሕረቷ በ፱ የምታልቅ መስመር ካለች ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ» አልኳቸው።

«በዚህ ሌሊት?»

«በዚህ ሌሊት።»

አንድ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ስልኬ ላይ የደረሰችው መስመር የመካከለኛው ወንድማቸው ሞት ናት፤ «የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፱»። አያቴ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለ ለት ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ በየሰፈሩ ቤት እያቃጠሉ ሲዞሩ ያ ወንድሟ ከቤቱ አልወጣም። ከዚህ በላይ አታወራም ነበር፤ በየዓመቱ በዚያ ቀን ጧፍ ታበራለች፣ ሥጋ አትቀምስም።

ፎቶግራፉንና ስልኩን ጎን ለጎን ምድጃው አጠገብ ያዝኳቸው። ጋሼ ዓመቱን የምትዘጋውን ፱ ሲጽፉ የታችኛውን መስመር ወደ ቀኝ አስረዝመው ከአኃዙ ያወጡታል። በዳዊቱ ላይ እንደዚያ ነው። በፎቶግራፉ ላይም ከነጠብጣቡ ሥር የመስመር ጭራ ወጥታ ትታያለች፤ ስንት ዓመት አይቻት ቆሻሻ መስላኝ ኖራለች። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኝ ነው። ቅጠል የሌለው ዛፍ፣ ወፍራም ካፖርት፣ ፲፩ ቀን። ጥር ነው። ጥር 11 ቀን 1929።

የጥምቀት ለት ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ ዘንድ ታቦት የሚወርድበት ውሃ ሁሉ ለዚያች ቀን ዮርዳኖስ ነው። የገጠር ኩሬም ቢሆን፣ በጎርፍ የደፈረሰ ጅረትም ቢሆን፣ የጎንደሩ የፋሲል መዋኛም ቢሆን። ጃን ሜዳ ያለውን ገንዳ ካህናቱ ሲባርኩት ማንም ሰው «ይህ እኮ የቧንቧ ውሃ ነው» አይልም። ጋሼ አልዋሹም። አያቴም አልተሳሳተችም ማለት እችላለሁ። ሁለቱም የተናገሩት አንድ ቋንቋ ነው፤ እኛ ነን ካርታ ይዘን የተከራከርናቸው።

በማግሥቱ ሰማዩ ተከፈተ። ኬልስተን ሎክን ስናልፍ በግራችን አንድ ኮረብታ ብቅ አለ፤ አናቱ ላይ ጥቂት ዛፎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ ዙሪያው ሣር ብቻ ነው። መምህሩ ስሙን ነገሩኝ፤ እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር አየ። በአገራችን በመኪና ስንሄድ በሩቅ ከተራራ ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ የዛፍ ክምር ስናይ ወንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ሴቷ ታማትባለች፤ ከዛፎቹ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለና። ጋሼ ይህን ኮረብታ ሲያዩ አማትበው ይሆን? እኔ አማተብኩ።

ዌስተን ሎክ ስንገባ መምህሩ ሞተሩን አጠፉልኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ብርዱ ሌላ ነው፤ ግድግዳው ያለቅሳል፣ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለብሷል። ፎቶግራፉን ከፍ አድርጌ ከበሩ ክንድ ጋር አስተካከልኩት። ማዕዘኑ ይገጥማል። የሰውየው ቁመት፣ የግንዱ ከፍታ፣ የግድግዳው ጫፍ ይገጥማሉ። ዛፉ የለም፤ በዚያ በኩል ዛሬ ሕንፃዎች አሉ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለማዛመድ ሞከርኩ። በፎቶግራፉ ላይ ከጋሼ ጫማ በታች የተሰነጠቀ ድንጋይ አለ፤ እዚህ ያ ቦታ በሲሚንቶ ተለስኗል። ድንጋዩ አልመሰከረልኝም። የሚመሰክርልኝ መንገዱ ነው ብዬ ጀልባዋ ከታሰረች በኋላ ወጣሁ።

ከወንዙ ተነሥቶ ወደ ፌርፊልድ የሚወጣው ዳገት ያስተነፍሳል። ቤቱ የጣሊያን ቪላ አምሳያ ነው፤ ከጣሊያን ሸሽቶ ለመጣ ንጉሥ የተገኘው ቤት ይህ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ሆዴን ያመኛል። በ1958 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥቱ ለከተማዋ ሰጥተውታል፤ አረጋውያን እንዲገለገሉበት። ዛሬም አረጋውያን ይሰበሰቡበታል። ቅዳሴ ይደረግ የነበረው ለአትክልት ማሳደጊያ በተሠራ የመስታወት ቤት ውስጥ እንደነበር ይነገራል። በዚያ ግቢ ቆሜ ወደ ሸለቆው አየሁ። በዚያ ጥር በመስታወት ቤት ውስጥ ማሕሌት ቆመው ሲያበቁ በሳህን ላይ ውሃ ባርከው ይሆናል። አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ዲያቆን ግን ሳህን አልበቃውም ብዬ አምናለሁ። ውሃ እየወረደ፣ እየፈሰሰ ማየት ፈልጓል። ነጠላውን ካፖርቱ ላይ ደርቦ ቁልቁል ወርዷል። የሚያጅበው ከበሮ የለም፣ እልልታ የለም። ሎኩ ውስጥ አንዲት ጀልባ አግኝቷል፤ በሩን በመዝጋት ረድቷል፤ ጀልባዋ ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው ቀና ብሎ አይቶታል። ያ ሰው ፎቶግራፉን አጥቦ ለማያውቀው ጥቁር ወጣት ለማድረስ ያን ዳገት መውጣት ነበረበት። ወጥቷል። አመሰግነው ዘንድ ስሙን ባውቅ ምንኛ በወደድኩ።

ከዚያ ጥር 11 እስከ የካቲት 12 አንድ ወር ከአንድ ቀን ነው። ጋሼ በዮርዳኖሳቸው ዳር ሲቆሙ ወንድማቸው አዲስ አበባ በሕይወት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቤታቸው ሲደርሱ የተነገራቸውን፣ ቀለም አዘጋጅተው በዳዊቱ ላይ ጻፉት፤ ፱ን ሲጽፉ እጃቸው ያንኑ ጭራ አወጣ። ያን ለት ነው ስለ ባዝ ማውራት ያበቃላቸው ይመስለኛል። ወንድሙ በእሳት በሞተበት ዘመን እሱ ወንዝ ዳር ቆሞ ፎቶ የተነሣ ሰው፣ ምን ብሎ ይጀምራል? ቢሆንም ፎቶግራፉን አልቀደዱትም። ለእህታቸው ሰጡ፤ ሁለት ቃል ተናገሩ፤ ዝም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው ገባን። ከወንዝ ላይ ባዝ በጓሮዋ በኩል ነው የምትገለጠው፤ የድሮ ፋብሪካ ግድግዳ፣ የባቡር ድልድይ፣ ከዚያ በድንገት ማር የመሰለው ድንጋይ። መሐል ከተማው ላይ በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ 46 ዲግሪ የሆነ ውሃ ከመሬት ይፈልቃል፤ ሮማውያን መታጠቢያ የሠሩበት ነው። አዲስ አበባም በፍል ውሃ ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጋሼ ከፍል ውሃ ወጥተው ፍል ውሃ ነው የገቡት። የመረጡት ግን ቀዝቃዛውን ነው። ወደ ቦዩ የሚወስደውን ሎክ ትተን በወንዙ ቀጠልን፤ ጀልባ ከዚያ በላይ የማያልፍበት፣ ከፑልቴኒ ድልድይ ሥር ያለው የግማሽ ክብ ፏፏቴ ጋ ስንደርስ መምህሩ ጀልባዋን ቀስ ብለው አዞሯት።

ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናቸው።

«አገኘሽው፣ ልጄ?»

«አገኘሁት፣ እትዬ። ፱ ናት። የጥምቀት ለት ነው የቆሙት።»

ዝም አሉ። ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ቆይተው፣ «ወንዙ አጠገብ ነሽ?» አሉኝ።

«ላዩ ላይ ነኝ።»

«እስኪ እጅሽን ንከሪበት። ይቀዘቅዛል?»

በጀልባዋ ጎን ጎንበስ ብዬ እጄን እስከ አንጓዬ ነከርኩ። አጥንት ይሰብራል።

«በጣም ይቀዘቅዛል፣ እትዬ» አልኳቸው።